«ይፈቀድልኝ» ሳይሆን «አሳውቃለሁ»

ልጆቼ፣

በነሐሴ መጀመሪያ የጎረቤቴ ልጅ አንድ ወረቀት ይዛ ቤቴ መጣች። የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ ነው። አንድ የግል ድርጅት ውስጥ 3 ዓመት በሒሳብ ሠራተኛነት ሠርታ የተሻለ ደመወዝ አግኝታለች። የደብዳቤው ግማሽ ስለ አለቃዋ ነው። መጨረሻው ላይ ደግሞ «ከሥራ እንድሰናበት እንዲፈቀድልኝ በታላቅ ትህትና እለምናለሁ» ይላል። ከላይ ወቀሳ፣ ከታች ልመና።

እኔ 31 ዓመት በሠራተኛ አስተዳደር ነው የሠራሁት፤ አሁን የሰው ሀብት በሚባለው። እንዲህ ያለ ደብዳቤ በተቀበልኩ ቁጥር ሆዴን ይበላኝ ነበር። ልጁ መብቱን አያውቅም ማለት ነዋ።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 31 ግልጽ ነው። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሥራውን መልቀቅ ይችላል። የማንም ፈቃድ አያስፈልገውም። ስለዚህ «ጉዳዩ» ብላችሁ «መልቀቂያ ስለመጠየቅ» አትጻፉ። «በገዛ ፈቃዴ ሥራ መልቀቄን ስለማሳወቅ» በሉ። የጠየቀ ሰው «አልተፈቀደልህም» ሊባል ይችላል፤ ያሳወቀ ግን አይባልም። «ልሰናበት» የሚለውንም ተዉት። በቢሮ ቋንቋ ስንብት ብዙ ጊዜ መባረር ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ግን የምትተዳደሩበት ሕግ ሌላ ስለሆነ እሱን ተመልከቱ።

ወቀሳውስ? እኔም በ27 ዓመቴ ሁለት ገጽ ሙሉ ብሶት ጽፌ ነበር። የአስተዳደር ኃላፊው ትልቅ ሰው ናቸው። ፊቴ አነበቡት፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ከኋላቸው ያለውን የፋይል ካቢኔት አሳዩኝ። «ይሄ እኮ እዚህ ነው የሚቀመጠው። ውሰደውና አሳድረው» አሉኝ። በማግስቱ አራት መስመር ይዤ ሄድኩ። እኚያን ሰው እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ልለይ። አሠሪው ሰብአዊ ክብራችሁን የሚነካ ድርጊት ከፈጸመባችሁ ዝም በሉ አልልም። አንቀጽ 32 ያለማስጠንቀቂያ እንድትወጡ ይፈቅዳል። ያኔ ምክንያቱን በጽሑፍ ማስታወቅ ግዴታ ነው፤ መብቱም በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተሠራበት ይቀራል።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። የመጨረሻ ቀኗን «ከአንድ ወር በኋላ» ብላ ነበር የጻፈችው። ደብዳቤውን ነሐሴ 10 ልትሰጥ አስባ መስከረም 10 እለቃለሁ ብላለች። ጳጉሜን ረስታታለች! ቆጠራው የሚጀምረው ማስጠንቀቂያው በተሰጠ ማግስት ነው። ከነሐሴ 11 ብትቆጥሩ፣ ጳጉሜ 5 ቀን በሆነችበት ዓመት፣ 30ኛው ቀን መስከረም 5 ላይ ይውላል። ቀኑን ቁጠሩና ራሱን ቀኑን ጻፉት።

ከሁሉ አጥብቄ የምለምናችሁ ስለ ኮፒው ነው። አንድ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ ጎበዝ ልጅ። ለቅርብ አለቃው በስልክ ነግሮ ወጣ። አለቃውም ብዙ ሳይቆይ ድርጅቱን ለቀቀ። ልጁ የሥራ ልምድ ሊያጽፍ ሲመጣ ፋይሉን ከፈትኩት። «ከሥራ ገበታው ጠፍቷል» ይላል፤ በማስታወቂያ ሰሌዳ ተለጥፎ የነበረው ወረቀትም ተያይዟል። «ተናግሬያለሁ እኮ» አለኝ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። አመንኩት። በእጁ ግን ምንም አልነበረውም። ያለማስጠንቀቂያ የወጣ ሰው ደግሞ እስከ 30 ቀን ደመወዙ የሚደርስ ካሳ ከቀሪ ክፍያው ሊቆረጥበት ይችላል።

ስለዚህ ሁለት ቅጂ አድርጉ። አንዱን መዝገብ ቤት አስገቡ፤ ሌላው ላይ «ገቢ» የሚለው ማህተምና ቀን ይረፍበት። ላፕቶፑን፣ ቁልፉን፣ ሰነዱን በጽሑፍ አስረክቡ። ሕጉ ቀሪ ሒሳባችሁ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ይከፈል ይላል። በእናንተ ጥፋት ርክክቡ ከዘገየ ግን ክፍያውም ሊዘገይ ይችላል። ያልተጠቀማችሁበትን የዓመት ፈቃድም አስታውሱ።

ያን ቀን ማታ ሳሎን ቁጭ ብለን እንደገና ጻፍነው። ቀኑ፣ የሥራ መደቧ፣ መስከረም 5 የመጨረሻ ቀኗ መሆኑ፣ ለማስረከብ ዝግጁ መሆኗ። በመጨረሻ ለነበራት ቆይታ አንድ መስመር ምስጋና ጨመረች፤ ሥራውን ያስተማረቻትን ሴት አስባ ነው። ነሐሴ 10 ጠዋት የኮፒዋን ፎቶ በቴሌግራም ላከችልኝ። ማህተሙ ትንሽ ተንጋዷል፤ ቀኑ ግን ጥርት ብሎ ይነበባል።