የዕድገት ቅጹ ላይ ሁሉንም «አዎ» አትበሉ

አሜሪካ ልጅ ለምታሳድጉ ወላጆች፦ ልጃችሁን በ9፣ በ18 እና በ30 ወሩ ለምርመራ ስትወስዱት የሚሰጣችሁን የጥያቄ ወረቀት እንደ ፈተና አትዩት። በብዙ ክሊኒክ የምታገኙት «ኤጅስ ኤንድ ስቴጅስ» የሚባለው ነው። አምስት ዘርፍ አለው፤ በእያንዳንዱ ስድስት ጥያቄ። «አዎ» 10፣ «አንዳንዴ» 5፣ «ገና» 0 ነጥብ ነው። ልጁ ጎበዝ እንዲባል ሁለት «ገና» ወደ «አዎ» ብትቀይሩ 20 ነጥብ ጨመራችሁለት፤ እርዳታ የሚያስፈልገው ልጅ በዚህችው ታልፎ ይቀራል።

ቅጹን ወረፋ እየጠበቃችሁ አትሙሉት። ቀደም ብሎ እንዲላክላችሁ ጠይቁና ቤት ውስጥ ልጁን እያስሞከራችሁ መልሱ። በጉርሻ ያደገ ልጅ ማንኪያ መያዝ ባይችል አይደንቅም፤ ማን ሰጥቶት ያውቃል? ጥቂት ቀን አለማምዱት። ካልቻለ «ገና» በሉና ጎኑ ላይ ምክንያቱን ጻፉ።

ቃላት ሲጠየቅ ደግሞ አማርኛውን የማይቆጥር ወላጅ ብዙ ነው። 12 የአማርኛና 9 የእንግሊዝኛ ቃል ያለው ልጅ 21 ቃል አለው። «ቡዋ» ሁልጊዜ ለውሃ ከሆነ ቃል ነው። ሁለት ቋንቋ አፍ አያዘገይም፤ «አማርኛውን አቁሙ» የሚል ምክር አትቀበሉ።

አገር ቤት ለተወለደ ልጅ የልደት ቀኑን አጣሩ። ታኅሣሥ 20 ቀን 2014 ማለት ዲሴምበር 29፣ 2021 ነው። ታኅሣሥ አራተኛ ወር ነው ብሎ 4 የጻፈ፣ ዓመቱም ላይ 8 የደመረ ሰው ልጁን የኤፕሪል 2022 ልጅ ያደርገዋል። ወደ አራት ወር ገደማ ሲያንስ መዘግየቱ ይሸፈናል፣ ቁመቱም ከእኩዮቹ የበለጠ ይመስላል።

በ2 ዓመቱ ቁመቱ ከዕድገት ሰንጠረዡ ዝቅ ቢል ቶሎ አትደንግጡ። እስከዚያ ተኝቶ ይለካ የነበረው አሁን ቆሞ ሲለካ 0.7 ሴንቲ ሜትር ያህል ያጥራል፤ ሰንጠረዡም ከዓለም ጤና ድርጅት ወደ ሲዲሲ (የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል) ይቀየራል። የሚቀጥለውን ልኬት እዩ።

ጊዜ የማይሰጠው ሌላ ነው፦ በ18 ወሩ በጣቱ የማያመለክት ወይም የማይራመድ፣ በ2 ዓመቱ ሁለት ቃል የማያገጣጥም፣ በየትኛውም ዕድሜ ይለው የነበረው ቃል የጠፋበት። «ወንድ ልጅ አፉ ይዘገያል» እያላችሁ ወራት አታሳልፉ። ሐኪሙ «እንጠብቅ» ቢልም እንኳ፣ ልጁ 3 ዓመት ካልሞላው፣ በስቴታችሁ ላለው «ኧርሊ ኢንተርቬንሽን» (ዕድገታቸው ለዘገየ ሕፃናት የሚሰጥ የቅድሚያ ድጋፍ ፕሮግራም) ራሳችሁ ደውሉ። የሐኪም ወረቀት አያስፈልግም፤ ምዘናው ነፃ ነው፤ ጥያቄው ከደረሳቸው በ45 ቀን ውስጥ ምዘናውንም የመጀመሪያውን የዕቅድ ስብሰባም መጨረስ አለባቸው። 3 ከሞላው ጥያቄው የሚቀርበው ለሰፈራችሁ የትምህርት ቤት ዲስትሪክት ነው፤ እሱን በጽሑፍ አድርጉት። የመስማት ምርመራም አብራችሁ ጠይቁ። አማርኛ አስተርጓሚ እንዲመጣ ስትደውሉ ተናገሩ፤ ታላቅ እህቱን አስተርጓሚ አታድርጓት። የደወላችሁበትን ቀንና ያነጋገራችሁን ሰው ስም መዝግቡ፤ 45ቱን ቀን የምትቆጥሩት ከዚያ ነው።