የጠፋ የፍቺ ውሳኔ ግልባጭ ከካውንቲ ፍርድ ቤት እንዴት ይወጣል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤዋለሁ። ከዓመታት በፊት ሜሪላንድ ውስጥ ፍቺ ፈጽመሻል፤ የውሳኔው ወረቀት ቤት ስትቀያይሪ ጠፍቷል፤ ጠበቃሽም ቢሮውን ዘግቷል። አሁን አዲስ አበባ ላለው ባለቤትሽ የኢሚግሬሽን ማመልከቻ ልታስገቢ ስትነሺ የቀድሞው ጋብቻ መፍረሱን የሚያሳይ ሰነድ ተጠየቅሽ። ኢንተርኔት ላይ ስምሽን ስትፈልጊ ደግሞ «መዝገብዎ ተገኝቷል፣ ለመክፈት የካርድ ቁጥር ያስገቡ» የሚል ገጽ መጣልሽ። ልክፈል ወይስ አልክፈል ነው ጥያቄሽ። አትክፈይ።

እነዚህ ገጾች የፍርድ ቤት አይደሉም። ስምና አድራሻ ከየቦታው እየለቀሙ የሚሸጡ ነጋዴዎች ናቸው። «ካውንቲ»፣ «ሪከርድ»፣ «ኦፊሻል» የሚሉ ቃላትን በስማቸው ላይ ስለሚደረድሩ ሰው የመንግሥት ይመስሉታል። ከፍለሽ የምታገኚው ማኅተም የሌለው፣ ብዙ ጊዜም ያረጀ መረጃ ነው፤ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱም እንደ ሰነድ አይቆጥረውም። ወገኖቻችንን በትርፍ ጊዜዬ ወደ ፍርድ ቤት መስኮት ሳጅብ ዓመታት ተቆጥረዋልና የማውቀውን ልጻፍልሽ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

የመጀመሪያው ሥራ የትኛው ፍርድ ቤት እንደ ሆነ መለየት ነው። ሰው ከሁሉ በላይ የሚንከራተተው እዚህ ላይ ነው። በአሜሪካ ፍቺ የሚፈረደው በስቴቱ ፍርድ ቤት ነው፤ መዝገቡም የሚቀመጠው ክሱ በተከፈተበት ካውንቲ ነው። የተጋባችሁበት ከተማም ሆነ አሁን የምትኖሪበት ቦታ ይህን አይለውጠውም። በሜሪላንድ ክስ በመጀመሪያ ደረጃ የሚታይባቸው ፍርድ ቤቶች ሁለት ዓይነት ናቸው። ዲስትሪክት ፍርድ ቤት የትራፊክ ጉዳዮችን፣ ቀላል ወንጀሎችን፣ የቤት ኪራይ ክርክርንና እስከ 30 ሺህ ዶላር የሚደርሱ የገንዘብ ክሶችን ያያል። ሰርኪዩት ፍርድ ቤት ደግሞ ፍቺን፣ የልጅ አሳዳጊነትን፣ የስም ለውጥን፣ ከባድ ወንጀልንና ከዚያ በላይ የሆኑ የገንዘብ ክሶችን ይይዛል። ስለዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ዲስትሪክት ፍርድ ቤት ለቤትሽ ቢቀርብም የፍቺ መዝገብ አይገኝበትም። የሞንጎመሪ ካውንቲ ሰርኪዩት ፍርድ ቤት ሮክቪል ነው፤ የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ደግሞ አፐር ማርልቦሮ። ያኔ ላንግሊ ፓርክ ትኖሩ ከነበረ ሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ነው ብለሽ ሞንጎመሪ አትበይው፤ ላንግሊ ፓርክ ያለው ፕሪንስ ጆርጅስ ውስጥ ነው።

ግሪንቤልት ያለው የፌዴራል ፍርድ ቤትም «ዲስትሪክት» ስለሚባል ከስቴቱ ጋር የሚያምታቱት አሉ። እዚያ የሚገኙት እንደ ኪሳራ ማወጅ ያሉ የፌዴራል ጉዳዮች ናቸው። የእነሱ መዝገብ የሚታየው ፔሰር በሚባለው ሥርዓት ነው፤ ለገጽ 10 ሳንቲም ያስከፍላል፣ ለአንድ ሰነድ ከ3 ዶላር አይበልጥም፣ በሦስት ወር ውስጥ ሒሳብሽ ከ30 ዶላር ካላለፈም ክፍያው ይቀርልሻል። የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት መዝገብ ደግሞ ለሕዝብ ክፍት አይደለም፤ ባለጉዳዩ ራሱ በኤ ቁጥሩ፣ ማለትም በኤ ፊደል በሚጀምረው የኢሚግሬሽን መዝገብ ቁጥሩ፣ ቀጠሮውን ይከታተላል።

ፍርድ ቤቱን ካወቅሽ በኋላ የመዝገብ ቁጥሩን ፈልጊ። ሜሪላንድ ለዚህ «ኬዝ ሰርች» የሚባል የዳኝነት አካሉ ራሱ የሚያስተዳድረው ነፃ የኢንተርኔት መፈለጊያ አላት። የሁሉም ካውንቲዎች ዲስትሪክትና ሰርኪዩት ፍርድ ቤቶች በስም ወይም በመዝገብ ቁጥር ይፈለጉበታል። ከሳሽና ተከሳሽ እነማን እንደ ሆኑ፣ ክሱ መቼ እንደ ተከፈተ፣ ምን ምን እንደ ቀረበና እንዴት እንደ ተዘጋ ያሳይሻል። የውሳኔውን ወረቀት ግን አያሳይሽም። የመጽሐፍ ማውጫ ማለት ነው፤ መጽሐፉ ያለው ፍርድ ቤቱ ዘንድ ነው። ብዙ ሰው ማያ ገጹን አትሞ ለኢሚግሬሽን ይልካል፤ ከወራት በኋላ ተጨማሪ ማስረጃ አምጡ የሚል ደብዳቤ ይደርሰዋል።

የእኛ ሰው ስሙን ፈልጎ ሲያጣ «መዝገቤ የለም» ብሎ ይደመድማል። አለ፤ የተጻፈው በሌላ መልክ ነው። ፀሐይ የሚለውን ስም በእንግሊዝኛ በቲና በኤስ የሚጀምረው አለ፣ ቲውን የሚያስቀረው አለ፣ መጨረሻውን በአይ፣ በዋይ ወይም በዋይና በኢ የሚዘጋው አለ። ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ እና ተክለ የሚገቡባቸው ስሞች አንዴ ተቀጥለው አንዴ ተነጥለው ይጻፋሉ፤ ሲነጠሉ ደግሞ የመጀመሪያው ክፍል መካከለኛ ስም ሆኖ ይመዘገባል። የቤተሰብ ስም የሆነውም በአንዱ ወረቀት የአባት፣ በሌላው የአያት ስም ነው። ስለዚህ ከጥቂት ፊደላት ጀምሪ። ኬዝ ሰርች ላይ ከስሙ መጀመሪያ ፊደላት ቀጥሎ የመቶኛ ምልክት ካስገባሽ በዚያ የሚጀምሩትን ሁሉ ያወጣልሻል። ካውንቲውንና የመዝገቡን ዓይነት መርጠሽ ዝርዝሩን አጥብቢው። ካልሆነ በቀድሞ ባለቤትሽ ስም ፈልጊ፤ ክሱን የከፈተው እሱ ከሆነ ከሳሽ ሆኖ የሚገኘው እሱ ነው። አንዳንድ እህቶች አሜሪካ ከመጡ በኋላ የባላቸውን ስም ወስደው በፍቺው የራሳቸውን አስመልሰዋል፤ እነሱ በሁለቱም ስም ይሞክሩ። የትውልድ ቀንን ብቻ አይቶ ይኼ እሱ ነው ማለትም አይቻልም፤ በስደት ከመጡት ወገኖቻችን መካከል በጃንዋሪ 1 የተመዘገቡት ስንት እንደ ሆኑ ታውቂያለሽ።

ምንም ሆኖ ካልተገኘ በአካል ሂጂ። ሰርኪዩት ፍርድ ቤቱ ውስጥ «ክለርክ ኦፊስ» የሚባለው መዝገብ ቤቱ ነው። አገር ቤት መዝገብ ቤት በር ላይ የቆመ ሰው ማን እንደ ሆነና ለምን እንደ መጣ ማስረዳት ስለለመደ እዚህም ሰበብ ሲያዘጋጅ አየዋለሁ። አያስፈልግም። የፍርድ ቤት መዝገብን የማየትና የመገልበጥ መብት በዚህ አገር ጥንታዊ ነው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1978 ከፕሬዚዳንት ኒክሰን የድምፅ ቅጂዎች ጋር በተያያዘ በሰጠው ውሳኔ፣ ገደብ ያለው ቢሆንም፣ መብቱ መኖሩን አረጋግጧል። አንዳንዱ ፎርም ሞይ የመረጃ ነፃነት ሕግ ማመልከቻ ላዘጋጅልህ እያለ ገንዘብ ይቀበላል። የፌዴራሉ የመረጃ ነፃነት ሕግ ፍርድ ቤቶችን አይመለከትም፤ መስኮቱ ጋ ቀርቦ መጠየቅ ነው ያለው። እንግሊዝኛ የሚያስቸግርሽ ከሆነ በስልክ አስተርጓሚ እንዲያገናኙሽ ጠይቂ፤ የሰፈር ሰው ይዘሽ ጓዳሽን ማስነበብ ግዴታ አይደለም።

የምትጠይቂውን ስም በልክ ያዢው፦ «ሰርቲፋይድ ኮፒ ኦቭ ዘ ጀጅመንት ኦቭ አብሶሉት ዲቮርስ»። ሰርቲፋይድ ማለት ግልባጩ ከዋናው ጋር አንድ መሆኑን መዝገብ ቤቱ በማኅተምና በፊርማ ያረጋገጠው ነው። አብሶሉት የሚለውም ዋዛ አይደለም። ሜሪላንድ እስከ ኦክቶበር 1 ቀን 2023 ድረስ «ሊሚትድ ዲቮርስ» የሚባል ፍርድ ነበራት፤ እሱ ጋብቻውን አያፈርስም፣ መለያየትን፣ ቀለብንና ልጅን ይወስናል እንጂ። ያንን ይዘው ተፋትተናል ብለው ሌላ ያገቡ አሉ። ያንቺ መዝገብ የቱ እንደ ሆነ አስቀድመሽ እዪ፤ ሊሚትድ ሆኖ ከተገኘ ማመልከቻ ከማስገባትሽ በፊት ጠበቃ ጋ ነው የምትሄጂው።

ክፍያው ቀላል ነው። በሜሪላንድ ሰርኪዩት ፍርድ ቤቶች ለገጽ 50 ሳንቲም፣ ለማረጋገጫው 5 ዶላር ነው፤ ከመሄድሽ በፊት ደውለሽ አረጋግጪ። ርቀሽ ከሆነ በፖስታም ይሠራል፦ የመዝገብ ቁጥሩን፣ የሁለታችሁን ስምና የፈለግሽውን ሰነድ ጽፈሽ፣ ክፍያውንና አድራሻሽ የተጻፈበት ቴምብር ያለው ፖስታ አያይዘሽ ትልኪያለሽ። መዝገቡ የቆየ ከሆነ ከማከማቻ እስኪመጣ ልትጠብቂ ትችያለሽ፤ በጣም አሮጌ የሆኑት ደግሞ አናፖሊስ ወዳለው የስቴቱ ቤተ መዛግብት ይዛወራሉ።

መዝገቡን ሰው ሁሉ ሊያየው ነው ብለሽ አትጨነቂ። ፍቺው መኖሩና ውሳኔው ክፍት ቢሆንም በፍቺ ክርክር የሚቀርቡት የገቢና የንብረት መግለጫ ቅጾች ለውጭ ሰው አይታዩም። የጉዲፈቻና የወጣት ጥፋተኞች መዝገብም ዝግ ነው።

ከጥያቄሽ ሥር አንድ ወንድም ለዜግነት ሊያመለክት እንደ ሆነና ከዓመታት በፊት ተይዞ እንደ ነበር ጽፏል። የእሱ ጉዳይ ካንቺ ይከብዳል። የዜግነት ቅጹ ተይዘህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ሲጠይቅ ክሱ የተተወለትንም ይጨምራል፤ መልሱ አዎ ከሆነ የጉዳዩን መጨረሻ የሚያሳይ የተረጋገጠ የፍርድ ቤት ግልባጭ ያስፈልጋል። ኬዝ ሰርች ላይ የሚያየውን በጥንቃቄ ያንብብ። «ኖሌ ፕሮሲኪዊ» ማለት ዐቃቤ ሕግ ክሱን ትቶታል ማለት ነው። «ስቴት» የሚለው፣ ከሜሪላንድ ስቴትነት ጋር ሳይገናኝ፣ ጉዳዩ ላልተወሰነ ጊዜ ወደ ጎን ተቀምጧል ማለት ነው፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ማንኛውም ወገን ሊያስነሣው ይችላል፣ ከዚያ በኋላ ግን በቂ ምክንያት ይጠይቃል። «ፕሮቤሽን ቢፎር ጀጅመንት» በሜሪላንድ ሕግ ጥፋተኝነት አይባልም፤ የኢሚግሬሽን ሕግ ግን የጥፋተኝነትን ትርጉም በራሱ ስለሚሰፍር ጥፋት ብሎ ሊቆጥረው ይችላል። ይህን ያየ ሰው ቅጹን ከመሙላቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር፤ ፎርም ሞይ አይበቃም።

እንዲህ ያለውን መዝገብ ወዲያው አስሰርዘው የሚሉ መካሪዎች ሞልተዋል። ማሰረዙ ለሥራና ለቤት ኪራይ ይጠቅማል። ነገር ግን ለኢሚግሬሽን የተሰረዘ ጥፋተኝነትም እንዳለ ይቆጠራል፤ ከተሰረዘ በኋላ ደግሞ መዝገብ ቤቱ ግልባጭ የሚሰጥበት ነገር አያገኝም። እናም ወንድሜ፣ መጀመሪያ የተረጋገጡ ግልባጮች አውጣ፣ ከዚያ በኋላ ነው ስለ ማሰረዝ የሚታሰበው። መዝገቡ በዕድሜ ብዛት ተወግዶ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ይህንኑ የሚገልጽ የተረጋገጠ ደብዳቤ እንዲጽፍልህ ጠይቅ፤ ባዶ እጅ ከመቅረብ በእጅጉ ይሻላል። ቨርጂኒያ ውስጥ ይህ ያጋጥማል፤ እዚያ የትራፊክና የቀላል ወንጀል ጉዳዮችን የሚያየው ጄኔራል ዲስትሪክት ፍርድ ቤት ከ10 ዓመት በኋላ መዝገቦቹን ሊያስወግድ ይችላል።

ቨርጂኒያን ካነሣሁ አይቀር፣ እዚያም ፍቺ በሰርኪዩት ፍርድ ቤት ነው። ችግሩ አድራሻ ነው። ደብዳቤው ላይ «አሌክሳንድሪያ» የሚል አድራሻ ያለው ብዙ ሰው በእርግጥ የሚኖረው ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ነው፤ አሌክሳንድሪያ ከተማ ደግሞ ከካውንቲ ውጭ የሆነች፣ የራሷ ሰርኪዩት ፍርድ ቤት ያላት ናት። አንዱ ጋ ሄደሽ የለም ቢሉሽ ወደ ሌላው እለፊ። የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ የፍቺ ሰርተፊኬት ይሰጣል፤ ያ ግን የውሳኔው ግልባጭ ስላልሆነ ማን ምን እንደ ጠየቀሽ አጣሪ። ዋሽንግተን ዲሲ ካውንቲ የላትም፤ ሁሉም ሱፒሪየር ፍርድ ቤት ነው። ቴክሳስ ያላችሁ ደግሞ የፍቺ መዝገብ ዲስትሪክት ክለርክ ጋ፣ የጋብቻ ፈቃድና የመሬት ሰነድ ካውንቲ ክለርክ ጋ ነው የምትጠይቁት። በሜሪላንድ ግን የጋብቻ ፈቃዱም የቤት ካርታውም ያው ሰርኪዩት ፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ነው፤ ሄደሽ እያለ የጋብቻውም ወረቀት ከጠፋሽ አብረሽ ጠይቂ።

ግልባጩን ሲሰጡሽ ከመስኮቱ ሳትርቂ አገላብጠሽ እዪው፦ የሁለታችሁ ስም፣ የመዝገቡ ቁጥር፣ የዳኛው ፊርማ፣ ውሳኔው የገባበት ቀን፣ ማኅተሙ። የስምሽ አጻጻፍ ከፓስፖርትሽ ጋር ከተለያየ እዚያው ጠይቂያቸው፤ መዝገቡ ላይ ያለውን ስም ግን በራሳቸው አይለውጡትም፣ ማመልከቻሽ ላይ «ሌሎች የተጠቀምሽባቸው ስሞች» በሚለው ቦታ ያንን አጻጻፍ መጻፍ ነው ያለብሽ። ወረቀቱን ለአገር ቤት ጉዳይም የምትፈልጊው ከሆነ የፍርድ ቤቱ ማኅተም ብቻውን ስለማይበቃ ከየት ከየት መረጋገጥ እንዳለበት ኤምባሲውን አስቀድመሽ ጠይቂና ሁለት ግልባጭ አውጪ። ለባለቤትሽ ማመልከቻ የምትልኪው ፎቶ ኮፒውን ነው፤ ማኅተም ያለውን ለቃለ መጠይቅ አስቀምጪው። ፎቶ ኮፒ ስታነሺ ገጾቹ የተያያዙበትን ስቴፕል አትንቀዪ፤ ከተነቀለ ሰነዱ ተነካክቷል ብለው ሊመልሱት ይችላሉ። ገጾቹን እያጠፍሽ አንሺ።