መልስ፦ ከአከርካሪ ጉዳት በኋላ ምን ሕይወት አለ?

እህቴ፣ ወንድምሽ ሕብለ ሰረሰሩ ከተጎዳ ወዲህ «ከእንግዲህ ምን ሕይወት አለኝ?» እያለ በሩን ዘግቶ እንደሚውል ጽፈሻል። «አይዞህ፣ በርታ» ብቻ አይበቃውም። ማዘኑ ተፈጥሯዊ ነው። ግን ለሳምንታት ከምንም ነገር ደስታ ካጣ የድብርት ሕክምና ያስፈልገዋል።

ብዙ ሰው ቤት የሚያስቀረው ዊልቸሩ ብቻ ሳይሆን ሽንቱም ነው። ሰው ፊት እንዳያመልጠው ይሰጋል። (ይህን በግልጽ የሚያወራ የለም እንጂ!) ሐኪሙ ከፈቀደለት፣ በካቴተር (ሽንት በሚያወጣ ቀጭን ቱቦ) በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ ፊኛውን ባዶ ማድረግ ይልመድ። የሰገራ ሰዓቱም ቋሚ ሲሆን ቀኑን እንደ ልቡ ያቅዳል። የመቀመጫ ቁስልም ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሲቀመጥ በየ15 እስከ 30 ደቂቃው ወደ ፊት ወይም ወደ ጎን ያዘንብል፤ ቆዳው በየቀኑ ይታይ።

ሥራ፣ ትዳር፣ በእጅ በሚታዘዝ መኪና መንዳት ይቻላል። ልጅ መውለድም፣ ብዙ ጊዜ በሕክምና እርዳታ። ፓራሊምፒክ እንኳ መነሻው ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን እ.ኤ.አ. በ1948 በእንግሊዝ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ለአከርካሪ ተጎጂዎች ያዘጋጁት የቀስት ውድድር ነው።

በዊልቸር ዓመታት የኖረ ሰው ፈልገሽ አገናኚው፤ ከእኛ ይልቅ እሱን ይሰማል። ደግሞ የሚችለውን አትሥሩለት። ቢዘገይም ሸሚዙን ራሱ ይቆልፍ።