«ማኅተም» ወይስ «ማተብ»?

ከባሕር ዳር የጻፉልን አንባቢ ገበያ ላይ ስለገዙት የ1887 ዓ.ም. የምኒልክ ብር ይጠይቃሉ። ሻጩ ብሩ ላይ ያለችውን የላቲን «ኤ» እያሳየ «ማተቡን ይዩ፣ የፓሪስ ነው» አላቸው። ወንድማቸው ደግሞ «ማኅተም እንጂ ማተብ አይባልም» ሲል አረማቸው።

ስለ ፊደሏ ሻጩ ልክ ነው፤ «ኤ» የፓሪስ ገንዘብ ማተሚያ ቤት መለያ ናት። የቃሉ ነገር ግን ለዓመታት ሲከነክነኝ የኖረ ነው።

«ማኅተም» ከግእዙ «ኀተመ» ወጣ፤ አማርኛ «አተመ» አለው፣ «ማተሚያ»ንም ከዚሁ ወለደ። ዐረቦች ቀለበትን «ኻተም» የሚሉት ጥንት ደብዳቤ በቀለበት ይታተም ስለነበር ነው። «ማተብ» (ጥንተ ጽሕፈቱ «ማዕተብ») ግን ከ«ዐተበ» ነው፤ ምልክት አደረገ፣ በመስቀል ምልክት ባረከ ማለት ነው። «አማተበ» የምንለውም ከዚያው ነው። «መ» እና «በ» ተለዋውጠው እንጂ ሁለቱ አንድ ቃል ናቸው የሚሉ አሉ። ሁለቱም የከንፈር ድምፆች ስለሆኑ ግምቱ አይገርምም፤ ግን ስሕተት ነው። ያሳሳታቸው «ኀ» እና «ዐ» በአማርኛ አፍ «አ» ሆነው መደባለቃቸው ነው፤ በግእዝ ግን የተለያዩ ናቸው።

ልማድ ለ«ማኅተም» ይመሰክራል፤ እኔ ግን ከሻጩ ጋር ነኝ። ሳንቲም ላይ ማኅተም ያልሆነ ምን አለ? የንጉሡ መልክ፣ አንበሳው፣ ጽሕፈቱ ሁሉ ታትሞ የወጣ ነው። ትንሿ ፊደል ግን «የማን ነህ?» ለሚል የምትመልስ ናት፤ የአንገት ክርም ሥራው ይኸው ነው። ዘጌ የነበሩት አያቴ በጥቁር ማተባቸው ላይ ማርትሬዛ፣ የኦስትሪያዋን እቴጌ የማሪያ ቴሬዛን ብር፣ አንጠልጥለው ኖረዋል። ጠርዙ ከቀሚሳቸው ጋር ሲፋተግ ልሟል፤ ከእቴጌዪቱ ምስል ሥር ያሉት «ኤስ ኤፍ» ግን ይነበባሉ። እነዚህ የከተማ መለያ ሳይሆኑ ዛሬ ጀርመን ውስጥ ያለችው የጉንዝቡርግ ማተሚያ ቤት ሹማምንት የሾብልና የፋቢ ስም መነሻዎች ናቸው። በኋላ ቪየና፣ ሮማ፣ ለንደን፣ ቦምቤይም ሲመቱት ፊደላቱንም 1780 የሚለውን ዓመትም እንዳለ ገለበጡ። ይህንን ማተብ ለማለት እኔም አልደፍርም፤ የተመታበትን ቤት አይናገርማ።

የድሮ ገንዘብ ሰብሳቢዎች ዛሬ «የማተሚያ ቤት ምልክት» ይላሉ፤ ለአንዲት ፊደል ሦስት ቃል! ቢሆንም ገብቷል፣ ሁሉም ይረዳዋል፤ ሲጽፉ ቢጠቀሙበት አልከራከርዎትም። የወንድምዎን ከመረጡ ግን «ኅ»ን አይጣሏት፤ «ማህተም» ተብሎ ሲጻፍ «ኀተመ» ከዐይን ይጠፋል።