ተክል ያለበት የዓሣ ገንዳ በደጋ አገር፦ ጥያቄና መልስ

የገንዳዬን ፎቶ ካሳየሁ ወዲህ ከደብረ ብርሃን፣ ከመንዝ፣ ከሸዋ ሮቢትም ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። የቻልኩትን ያህል እነሆ።

ጋሼ፣ ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። በዚህ ብርድ ይሆናል?

በደንብ ይሆናል፣ እህቴ። ለብርዱ የሚስማማውን ከመረጥሽ ማለቴ ነው። ቪዲዮ ላይ የምናያቸው ገንዳዎች አብዛኞቹ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ የሚሞቁ ናቸው። በእኛ ቤት ግን በኅዳር ውርጭ ማሞቂያ የሌለው ውኃ ከ18 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ከተክል ቫሊስኔሪያ፣ ሆርንወርትና ጃቫ ሞስ ይህን ይችላሉ። ከዓሣ ዋይት ክላውድ የምትባለው ትንሽዬ የቻይና ዓሣ ከ16 እስከ 22 ዲግሪ ይመቻታል። ጎልድፊሽም ብርድ ይችላል፤ ነገር ግን ተክሉን እየነቀለ ይበላል፣ ለዚህ ሥራ አልመክረውም።

ከፍታችንንም አትርሺ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ያህል ስለሆነ ውኃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ቀዝቃዛ ውኃ ከሞቀው ይልቅ ብዙ ኦክስጅን ስለሚይዝ ብርዱ እዚህ ላይ ያግዘናል። ጉዳቱ የሚመጣው ውኃውን 26 ዲግሪ አድርሰን ዓሣ ስናጭቅበት ነው።

ሸዋ ሮቢት ላለነውስ?

የእናንተ ችግር ተቃራኒው ነው፤ ሙቀት። ገንዳው ፀሐይ አያግኘው፣ ክዳኑን ክፈቱት፣ ዓሣ አታብዙ።

ድንጋዩን ስደረድረው ክምር ይመስልብኛል። ምን ላድርግ?

ይህን ጥያቄ በጣም ነው የምወደው፤ የሥራው ውበት ያለው እዚህ ላይ ነውና። ገንዳው 60 በ30 ሳንቲሜትር ከሆነ ያንኑ ልክ ካርቶን ላይ አስምርና ድንጋዩን መጀመሪያ እዚያ ላይ ደርድር። ትልቁን ድንጋይ መሐል ላይ አታቁመው፤ ስፋቱን ለሦስት ብትከፍለው አንደኛው መስመር ላይ ይዋል። ትንንሾቹ እሱን ይደግፉ እንጂ በቁመት አይፎካከሩት። አሁን ጠጋ ብለህ የድንጋዩን ገጽ እይ፦ ስንጥቁና መስመሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ካዘነበለ ከአንድ ገደል የተፈነቀለ ይመስላል፤ አንዱ ወደ ግራ ሌላው ወደ ቀኝ ካየ ግን ያው ክምር ነው። ውኃ ርጨህበትም ተመልከተው፣ ሲረጥብ ቀለሙ ሌላ ነው። ጠጠሩን ከፊት 3፣ ከኋላ 8 ሳንቲሜትር አድርገህ ተዳፋት ብታስመስለው ገንዳው ለዓይን ጥልቀት ያገኛል።

ታካሺ አማኖ (እ.ኤ.አ. 1954–2015) የተባሉት ጃፓናዊ ፎቶግራፍ አንሺ ይህን ጥበብ ለዓለም ያስተዋወቁት የተፈጥሮን መልክዓ ምድር መነሻ አድርገው ነው። እኛ ጣርማ በር ላይ ቆመን ቁልቁል የምናየው ገደል፣ የመንዝ ጓሳ ሣርም አለን። የሰው ገንዳ ከመቅዳት በፊት እነሱን ማየት ይሻላል።

ድንጋይ ከየትም ማንሳት ይቻላል? እንጨትስ?

የደጋው ጥቁር ድንጋይ አስተማማኝ ነው። ከጀማ ሸለቆ የሚመጣው ነጣ ያለው ግን ኖራ ድንጋይ ሊሆን ይችላል፤ ከሆነ የውኃውን ጥንካሬ (በውስጡ የሟሟውን የኖራ ማዕድን መጠን) ይጨምራል። ሎሚ ጨምቁበት፤ አረፋ ካወጣ ተዉት። እንጨት ከሆነ የደረቀ አሮጌ የወይራ ሥር ቀቅላችሁ ተጠቀሙ። ጽድና ባሕር ዛፍ ዘይትና ሙጫ ስላላቸው አይሁኑ።

ከጠጠሩ በታች የማሳ አፈር ይሆናል?

ማዳበሪያ ወይም ፍግ ያልነካው ከሆነ፣ ተነፍቶ፣ ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር። ፍግ ያለበት አፈር አሞኒያ ይለቅና ዓሣ ይገድላል። መረሬ (ጥቁሩ ጭቃማ አፈር) ብቻውንም አይሁን፣ ውኃውን ያደፈርሳል።

አልጌ አስቸገረኝ፣ መስታወቱ አረንጓዴ ሆነ።

መብራቱን በቀን ወደ 6 ሰዓት አውርጂው፣ ከመስኮት አርቂው፣ ፈጥኖ የሚያድገውን ሆርንወርት ጨምሪ።

መብራት ሲጠፋስ?

ገንዳውን በብርድ ልብስ ጠቅልሉት (የደብረ ብርሃን ሰው ብርድ ልብስ አያጣም)፤ ላዩን ግን ለአየር ክፍት ተዉት። ተክልም በጨለማ ኦክስጅን ስለሚጠቀም ሌሊት ከሆነ አልፎ አልፎ በኩባያ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ አፍስሱ።

የተረፈውን ተክል በሬሳ በሚባለው የደብረ ብርሃን ወንዝ ውስጥ ብጥለው ምን አለው?

እባክህን አታድርገው። እንቦጭም ወደ አገራችን የመጣ የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው፤ ጣና ላይ ያደረሰውን ሁላችንም አይተናል። አድርቀህ ቅበረው ወይም አቃጥለው።

ተክሉን ዛሬ ተከልኩ፣ ዓሣውን ነገ ላስገባ?

ቆይ። የዓሣ ኩስና የተረፈ ምግብ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች እስኪበረክቱ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ በብርድ ደግሞ ይዘገያል። የመመርመሪያ ኪት ከተገኘ አሞኒያና ናይትራይት ሁለቱም ዜሮ ሲሆኑ ሦስት አራት ዓሣ ብቻ አስገባ፤ ሌሎቹ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይከተላሉ።