የተሳቢ መገናኛ ሲንኳኳ፦ ቀለበቱን በብየዳ ማስሞላት ለምን አይመከርም

ከደሴ የጻፉልኝ አንድ የከባድ መኪና ባለቤት ችግራቸውን እንዲህ አስረድተዋል። ተሳቢ ያለው መኪናቸው ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል ጭነት ያመላልሳል። የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ከኋላ ከባድ መንኳኳት ይሰማል፤ ፍሬን ተይዞ ሲለቀቅም ተሳቢው መኪናውን የሚመታው ይመስላል። በመኪናው መገናኛ ላይ ያለውን፣ በተሳቢው ቀለበት ውስጥ የሚያልፈውን ፒን በአዲስ ለውጠው ሦስት ወር ሳይሞላ ድምፁ ተመልሷል። አሁን አንድ በያጅ የተሳቢውን ቀለበት በብየዳ ሞልቶ እንደገና ሊቦረቡርላቸው ሐሳብ አቅርቧል። ሹፌራቸው በበኩሉ «የባቡር ፉርጎም እኮ ሲነሳ ይንኳኳል» ብሏቸዋል።

የሹፌርዎ አባባል ግማሹ እውነት ስለሆነ ሊያዘናጋ ይችላል፤ ስለዚህ ከእሱ ልጀምር። የጭነት ባቡር ፉርጎዎች እንደታጠፉ ጣቶች እርስ በርስ በሚቆላለፉ መንጠቆዎች ይያያዛሉ። በመካከላቸው ያለው ልቅነት ባቡሩ ሲነሳ ፉርጎዎቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ተራ በተራ እንዲስብ ይረዳዋል። ሆኖም ከእያንዳንዱ መንጠቆ ጀርባ ግጭቱን የሚውጥ፣ በሞላ፣ በጎማ ወይም በፍትጊያ የሚሠራ መሣሪያ አለ። የሚታጠፈው ጣትም ከመጠን ያለፈ ጉልበት ሲመጣ ከመንጠቆው አካል ቀድሞ እንዲሰበርና እሱ ብቻ እንዲለወጥ ታስቦ የተሠራ ነው። በእርስዎ መኪና ላይ የሚሰማው ክፍተት ግን ማንም ያሰበበት ሳይሆን ብረት ተበልቶ የመጣ ነው፤ እያንዳንዱ ምት ክፍተቱን ያሰፋዋል፣ የሰፋው ክፍተት ደግሞ ቀጣዩን ምት ያከብደዋል።

ፒኑን ብቻ መለወጥዎ ያልጠቀመው ለዚህ ነው። በቀለበቱ ውስጥ ያለው ቡሺንግ፣ ማለትም ፒኑ የሚያልፍበት የሚለወጥ የብረት እጅጌ፣ የሚበላው እኩል በዙሪያው ሳይሆን በሚጎተትበትና በሚገፋበት አቅጣጫ ነው፤ በጊዜ ብዛት የእንቁላል ቅርጽ ይይዛል። አዲስና ክብ ፒን እንዲህ ባለ ቀዳዳ ውስጥ ሲገባ የሚነካው በአንድ ጠባብ መስመር ላይ ብቻ በመሆኑ፣ የተሳቢው ጉተታ በሙሉ በዚያች መስመር ላይ ያርፍና አዲሱንም ፒን ቶሎ ይበላዋል። ስለዚህ በካሊፐር ሲለኩ አንዴ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ አንዴ ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ ይለኩ፤ የጎኑን ብቻ የለካ ሰው ቡሺንጉ ደህና ነው ብሎ ሊሳሳት ይችላል። የተለመዱት የቡሺንግ ቀዳዳ ልኮች 40 እና 50 ሚሊሜትር ናቸው። የመጨረሻውን ወሰን የሚያስቀምጠው ፋብሪካው ሲሆን፣ እኔ ግን በየትኛውም አቅጣጫ ከ1.5 ሚሊሜትር በላይ የሰፋ ቡሺንግ ወደ መንገድ አልመልስም።

ከመለካትዎ በፊት ድምፁ የሚመጣው ከዚያ ብቻ መሆኑን ያረጋግጡ። የተሳቢውን ጎማዎች በሁለቱም በኩል በታኮ ይያዙ፣ ፍሬኑንም ይያዙ፤ ከዚያ ሹፌሩ መኪናውን በጣም በዝግታ ጥቂት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያንቀሳቅስ። የሚመለከተው ሰው በጎን ይቁም፤ በምንም ምክንያት በመኪናውና በተሳቢው መካከል አይግባ። ከፒኑ ጀርባ ያለው ዘንግ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከተንሸራተተ ዘንጉን የሚደግፈው ላስቲክ አልቋል ወይም የዘንጉ ዳዶ ላልቷል ማለት ነው፤ እዚያ ምንም ልቅነት አይፈቀድም። መገናኛውን ከሻሲው የሚያስሩትን ብሎኖችም ይመልከቱ። በራንዴላው ዙሪያ የሚያብለጨልጭ ክብ ወይም የዝገት ዱቄት ካዩ ብሎኑ ሲንቀሳቀስ ቆይቷል። በሚለወጥበት ጊዜ በብሎኑ ራስ ላይ የተጻፈው የጥንካሬ ቁጥር፣ ለምሳሌ 10.9፣ ከቀድሞው ያነሰ መሆን የለበትም። ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ መገፋቱ ከቀጠለ የተሳቢው ፍሬን ከመኪናው ዘግይቶ እየያዘ ሊሆን ስለሚችል የአየር ፍሬኑን ያስመርምሩ።

ወደ ብየዳው ስመለስ፣ አጥብቄ የምለምንዎ እንዳያደርጉት ነው። ቀለበቱ ተቀጥቅጦ የተሠራ ጠንካራ ብረት ነው። የብየዳው ሙቀት በፍጥነት ሲቀዘቅዝ ከብየዳው አጠገብ ያለው ብረት ይጠነክርና ተሰባሪ ይሆናል፤ ስንጥቁም የሚጀምረው ከዚያው ነው። ከዓመታት በፊት ለሌላ ሥራ የመጣ አንድ ተሳቢ ቀለበቱ ተበይዶ በላዩ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ነበር። ቀለሙን ልጠን በነጭ ጋዝ አጠብነው፣ ጠረግነው፣ ከዚያ የጠመኔ ዱቄት ነሰነስንበት። ትንሽ ቆይቶ በነጩ ጠመኔ ላይ ፀጉር የመሰለ ጠቆር ያለ መስመር ከብየዳው ተነስቶ እስከ ቀለበቱ ግማሽ ድረስ ብቅ አለ፤ ስንጥቁ ውስጥ የገባው ነጭ ጋዝ ነበር ጠመኔውን ያረጠበው። ያ ተሳቢ በማግስቱ ሙሉ ጭነት ይዞ ሊወጣ ነበር። ይህን ፍተሻ እርስዎም ያስደርጉ፤ ስንጥቅ ከታየ ቀለበቱ መለወጥ እንጂ መጠገን የለበትም።

ቀለበቱ ጤነኛ ከሆነ የሚያስፈልገው ቡሺንጉን ከፒኑ ጋር አንድ ላይ መለወጥ ነው። የድሮው ቡሺንግ በፕሬስ ይውጣ፤ እምቢ ካለ በውስጥ በኩል በመጋዝ በቁመቱ ይሰንጠቅ እንጂ በእሳት አይቆረጥ። አዲሱ ያለ ምንም ጉልበት በእጅ ከገባ የቀለበቱ መቀመጫ ራሱ ሰፍቷልና እዚያ ላይ ሥራው ይቁም።

ግሪስን በሚመለከት፣ በሚሌ መንገድ ያለው አሸዋ ከአሮጌ ግሪስ ጋር ሲደባለቅ ብረት የሚሞርድ ጭቃ ይሆናል፤ ረዳትዎ በላዩ ከመጨመሩ በፊት አሮጌውን በጨርቅ ጠርጎ ያውጣ። ከጥገናው በኋላ በመጀመሪያው ጉዞ ባቲ ሲደርሱ ያቁሙና ብሎኖቹን በልካቸው ዳግም ያስጠብቁ፤ የመገናኛው መቆለፊያ ምልክትም ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ መግባቱን በእጅዎ ዳስሰው ያረጋግጡ።