ካፒላሪው ያሳየው ፒክ ጄሉ ላይ ጠፋ፤ የትኛውን እንመን?

ጥያቄ፦ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። የአንድ ታካሚ ሴረም በካፒላሪ ኤሌክትሮፎሬሲስ (ፕሮቲኖችን በቀጭን ቱቦ ውስጥ በኤሌክትሪክ በሚለይ ዘዴ) ሲሠራ ከፕሮቲን ክፍሎቹ አንዱ በሆነው ቤታ አካባቢ ትንሽ ሹል ፒክ ታየ። ያው ናሙና በአጋሮስ ጄል (ፕሮቲኖቹ ጄል ላይ ተለይተው ቀለም በሚቀቡበት ዘዴ) ሲደገም ባንድ (የፕሮቲን ጭረት) የለም። ሐኪሙ መልቲፕል ማይሎማ (አንድ ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል በብዛት የሚያወጣ የመቅኔ ካንሰር) ጠርጥረዋል። ምን ብለን እንጻፍ?

መልስ፦ ገና ምንም አይጻፉ፤ የፒኩንም መጠን በግራም አያስሉ። ጄሉ ላይ የሚታየው ቀለም የያዘ ፕሮቲን ብቻ ነው። ካፒላሪው ግን ቀለም አያውቅም፤ በ200 ናኖሜትር አካባቢ ብርሃን የሚመጥ ነገር ካለፈ ፕሮቲን ሆነም አልሆነም ፒክ ያወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ታካሚው በቅርቡ ለሲቲ ስካን አዮዲን ያለበት ኮንትራስት ወይም ፒፐራሲሊን-ታዞባክታም የተባለውን አንቲባዮቲክ ወስደው እንደሆነ ይጠይቁ። ወስደው ከሆነ ከጥቂት ቀናት በኋላ አዲስ ናሙና ይቀበሉ፤ ኩላሊታቸው የደከመ ከሆነ ደግሞ ረዘም ይበል። ይህችን ጥያቄ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም፤ ብዙ ድካም የምታስቀረው ግን እሷ ናት።

ያም ሆኖ ፒኩን በመድኃኒት አሳበው አይዝጉት። ካፒላሪ ከጄል በተሻለ ይለያል፤ ትንሽ አይጂኤ (አንድ የኢሚዩኖግሎቡሊን፣ ማለትም የፀረ እንግዳ አካል ዓይነት) ከመደበኛዎቹ የቤታ ፕሮቲኖች፣ ከትራንስፈሪን ወይም ከሲ3 ሥር ተደብቆ ጄሉ ላይ ሊያመልጥ ይችላል። ዳኛው ኢሚዩኖፊክሴሽን ነው፤ ጄል ላይ የተለዩትን ኢሚዩኖግሎቡሊኖች እያንዳንዱን በራሱ አንቲሴረም (እሱን ለይቶ በሚይዝ ሴረም) የሚያዘቅጥ ምርመራ ነው። አንዱ መስመር ለጠቅላላ ፕሮቲን፣ አምስቱ ለአይጂጂ፣ ለአይጂኤ፣ ለአይጂኤም፣ እንዲሁም ለሁለቱ ቀላል ሰንሰለቶች (ላይት ቼይኖች)፣ ለካፓና ለላምዳ ናቸው። እዚህ የሚያሳስተው ማቅጠኑ ነው፦ ኢሚዩኖግሎቡሊኑ ከአንቲሴረሙ ከበዛ ዝቃጩ ተመልሶ ይሟሟል፤ ባንዱም መሃሉ ባዶ ሆኖ ይወጣል። ያኔ አቅጥነው ይድገሙት። ባንድ በስድስቱም መስመር እኩል ቦታ ላይ ከታየ ፋይብሪኖጅን (ደም የሚያረጋ ፕሮቲን) ወይም የተጣበቀ አይጂኤም ይጠርጥሩ። ካፓ ወይም ላምዳ ብቻውን፣ ያለ ከባድ ሰንሰለት (ያለ አይጂጂ፣ አይጂኤ ወይም አይጂኤም) ከወጣ፣ «ላይት ቼይን» ብለው ከመጻፍዎ በፊት በአይጂዲና በአይጂኢ አንቲሴረም ይሞክሩ። በካፒላሪው ላይ የሚሠራው ኢሚዩኖሰብትራክሽን (አንቲሴረም ጨምሮ ፒኩ መጥፋቱን የሚያይ ዘዴ) ፈጣን ነው፤ ለእንዲህ ያለ ትንሽ ፒክ ግን አንመርጠውም።

ኢሚዩኖፊክሴሽኑ ንጹሕ ቢሆንም የሐኪሙ ጥርጣሬ ጠንካራ ከሆነ የሴረም ፍሪ ላይት ቼይን (ከከባድ ሰንሰለት ጋር ያልተያያዘ ካፓና ላምዳ) ምርመራ ይታዘዝ። መደበኛው የካፓ ለላምዳ ምጣኔ በተለመደው የምርመራ ኪት ከ0.26 እስከ 1.65 ነው፤ ኩላሊት ሲደክም እስከ 3.1 ሊደርስ ይችላል።

ጥያቄ፦ ናሙናው በሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ በሚያደርግ መድኃኒት) ቲዩብ ቢመጣስ?

መልስ፦ ይመልሱት። ከዚያ የሚወጣው ሴረም ሳይሆን ፕላዝማ (ያልረጋ ደም ፈሳሽ) ነው፤ በፕላዝማ ውስጥ ያለው ፋይብሪኖጅን በቤታና በጋማ መካከል ሞኖክሎናል (ከአንድ የሕዋስ ዘር የወጣ) የሚመስል ባንድ ይሠራል። ሄፓሪን የሚወስዱ ታካሚዎች ደም በቀይ ክዳን (በሴረም) ቲዩብም በደንብ ላይረጋ ስለሚችል ሴንትሪፊውጅ ከማድረግዎ በፊት መርጋቱን በዓይን ይዩ።

ጥያቄ፦ ክትትል ላይ ያለ ታካሚ በጄል ተጀምሮ አሁን ካፒላሪ ገዝተናል። ቁጥሩን ማነጻጸር ይቻላል?

መልስ፦ በቀጥታ አይቻልም። ሁለቱ ዘዴዎች ለአንድ ናሙና የሚሰጡት ግራም በሊትር ይለያያል፤ ልዩነቱም በሽታው የተባባሰ ወይም የተሻለው ሊያስመስል ይችላል። በሽግግሩ ጊዜ አንዱን ናሙና በሁለቱም ሠርተው ሁለቱንም ውጤት ከነዘዴው ስም ይጻፉ። ታካሚው ዳራቱሙማብ የተባለውን የማይሎማ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም በመጠየቂያው ወረቀት ላይ ይስፈር፤ መድኃኒቱ ራሱ አይጂጂ ካፓ ስለሆነ ጋማ ላይ ትንሽ ባንድ ያወጣል።